ለእንግዳ የታጠበው ቦይ

እናትየዋ በአንድ የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ የአጣቢዎች ኃላፊ ናት። ፊት ለፊት «ኃላፊ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን ስሟ «ወይኔ» ነው። ስልክ ሲጮህ «ወይኔ»፣ በር ሲንኳኳ «ወይኔ»፣ ልጇ ከሥራ ዘግየት ስትል «ወይኔ፣ መኪና ገጫት!» የምትል ሴት ሌላ ስም ከየት ታገኛለች? ስሙን ያወጣችላት ከአጣቢዎቹ ሁሉ ምላሰ ረጅሟ፣ «ሬዲዮ» የሚሏት ናት። «ይቺ ሴትዮ ስትቀበር እንኳ ቀና ብላ ‹አፈሩ እርጥብ ነው፣ ብርድ ይመታኛል› ነው የምትለው» ብላ የምሳ ሰዓቱን ሁሉ ያሳቀችውም እሷው ናት።

ልጇን ደግሞ «ሻጋታዋ» ይሏታል። ይህን የሚያሰኝ ሥራ ይዛ ነው የመጣችው።

ፋብሪካው ቲማቲሙን አጥቦ፣ ልጦ፣ ፈጭቶ ሲጨርስ የሚተርፈው ውሃ ቡኒ ነው። ልጣጭና ፍሬ ተንሳፍፎበት፣ ትንሽ ሲያድር አረፋ ያወጣል፤ ከዚያ ይኮመጥጥና ይገማል። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ እስክትመለስ ድረስ ይሄ ውሃ እንዳለ በቱቦ ወጥቶ ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ወንዝ ይወርድ ነበር። እሷ ናት ሥራ አስኪያጁን ጨቅጭቃ፣ ጓሮው ውስጥ ረጃጅም የብሎኬት ገንዳዎች ያሠራችው። ገንዳዎቹን በተከተፈ ጭድና በሰጋቱራ ሞላች፤ በላዩ የእንጉዳይ ዘር በተነችበት። ዘሩ ዋል አደር ሲል እንደ ጥጥ የነጣ ድር አውጥቶ ጭዱን ከላይ እስከ ታች ሸመነው። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ እንደ ጣራ አሸንዳ በሆነ፣ ሆዱ በተበሳሳ የቆርቆሮ ቦይ በገንዳዎቹ አናት ላይ እያለፈ ጠብ ጠብ ይላል። የሚያገማውን ድሩ ይበላዋል። ከታች ሲወጣ ቀለሙ እንደ ቀጭን ሻይ ነው፤ ሽታውም ዝናብ የመታው እንጨት ይመስላል።

እናትየዋ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደነበረ መናገር አያስፈልግም። ዕድሜዋን ሙሉ ሻጋታን ከግድግዳና ከጋን ስትፍቅ ለኖረች ሴት፣ ልጇ ሻጋታ ልታረባ ስትመጣ ነገሩ የዋዛ አይደለም።

«ይሄ ነገር ሳንባሽ ውስጥ ቢበቅልስ?»

«እማዬ፣ ሳንባዬ ጭድ አይደለም።»

«ዛሬ አይደለም። ሲቆይስ?»

ከአጥሩ ጀርባ፣ ቱቦው ከሚወጣበት ዝቅ ብሎ፣ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሠራተኞቹ «አፍንጫው» ይሉታል፤ ፋብሪካው ገማ ብሎ ያልከሰሰበት ቢሮ ስለሌለ። እህቱ እዚያ ገብታ መሥራቷን እንደ ክህደት ነው የቆጠረው። ከወላጆቻቸው የወረሱትን ግቢ በቆርቆሮ አጥር ለሁለት ከፍለው፣ የሚጋሩት አንድ የውሃ ቧንቧ ብቻ ነው፤ እሱም ጋ ቢሆን ሰላም የለም።

«እትዬ!» ይላታል ጠዋት ባልዲ ይዘው ሲገናኙ። እትዬ የሚላት አክብሯት ሳይሆን ስድቡን ለማጣፈጥ ነው። «ዛሬስ ምን ታጠጡናላችሁ? የትናንቱ ጨው አንሶት ነበር።»

እሷም ባልዲዋን ሳትሞላ ትመለሳለች፤ አፏን የከፈተች እንደሆን ዕንባዋ እንደሚቀድም ታውቀዋለች።

በመጨረሻ ነገሩ ቢሮ ደረሰና ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። እሁድ ረፋድ ላይ የወንዙ ዳር ሰዎች መጥተው ከገንዳዎቹ የሚወጣውን ውሃ ያያሉ፣ ያሸታሉ። ካልገማ ክሱ ይቀራል። ከገማ ቱቦው በሲሚንቶ ይደፈናል። ሲሚንቶውን የሚያመጣው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ አፍንጫው በፈቃዱ ተሸክሞታል።

እናትየዋን እንቅልፍ የነሳት ግን ቱቦው አይደለም፤ የልጇ ሻንጣ ነው። ሌላ ከተማ ያለ የዘይት ፋብሪካ ልጅቷን ለሥራ ጠርቷታል፤ ሻንጣዋም አልጋዋ ሥር ክፍቱን ተቀምጧል። «እሁድ ከተሳካ እዚሁ ነኝ» ብላታለች። «ከከሸፈ ሰኞ እሄዳለሁ። ስሜ ከጠፋበት አገር ምን እሠራለሁ?» ይቺ ልጅ ከሄደች አትመለስም። እናትየዋ ይህን ነገር ቁጭ ብላ አይታዋለች፦ አውቶቡሱ ሲገለበጥ አይታለች፣ አልተገለበጠም እንበል፣ እዚያ ስትታመም አይታለች፣ አልታመመችም እንበል፣ ባል አግብታ ስልክ መደወል ስትረሳ አይታለች። ከሁሉም የከፋው የመጨረሻው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ቆመው፣ አጣቢዎቹ ወለሉን ጨርሰው ሲወጡ፣ እናትየዋ ልጇን ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞረች። ልጅቷ የለችም፤ ለነገው የናሙና ጠርሙስ ልታመጣ ወጥታለች። ያለው ወንድሟ ነው። አጥሩ በተቀደደበት ሾልኮ ገብቶ፣ የቱቦው አፍ ላይ ተንበርክኮ በእንጨት ይለካል።

«አንተ! ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ልክ እየወሰድኩ ነው፣ እትዬ።»

«የምን ልክ?»

«የሲሚንቶው ነዋ። መቃብር ሲቆፈር ልክ ይወሰድ የለ?»

«በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?»

«አንቺንማ ማን ይደፍርሻል! ከተወለድሽ ጀምሮ ሞትኩ ሞትኩ እያልሽ ስንቱን ጤነኛ ሸኘሽ።»

እጇ ላይ የነበረውን መጥረጊያ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ልጅቷ ምን አደረገችህ? ያንተም ልጅ ናት እኮ። በጀርባህ አዝለሃታል።»

«አዝያታለሁ። ያኔ እንዲህ አትገማም ነበር።»

መጥረጊያውን ወረወረችው። ትከሻውን ስቶ ብሎኬቱ ላይ ተሰበረ። እሱ ሳይቸኩል ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ የለካበትን እንጨት ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ቀዳዳው ሄደ። ግማሽ አካሉ ወጥቶ ግማሹ ሲቀር ዞር አለ።

«ነገ የአፍንጫዬን ጫፍ የነካ ሽታ ካለ እደፍነዋለሁ። የእህቴ ልጅ፣ የጎረቤቴ ልጅ አላውቅም።»

እሱ ከሄደ በኋላ እናትየዋ ገንዳዎቹ መሃል ብቻዋን ቀረች። ሁሉንም ነገር በእሱ ዓይን ታይ ጀመር። ገንዳዎቹ ምንም አይሉም። ያ ነጭ ድር በመጀመሪያ ቢያስጠላትም ለምዳዋለች፤ አንዳንዴ እንዲያውም «እንዴት አደራችሁ» ልትለው ይዳዳታል። ቦዩ ግን! ቀና ብላ ቦዩን አየችው። ውስጡ አተላ የመሰለ፣ ግራጫም ብርቱካናማም ያልሆነ ነገር ለብሷል። በጣቷ ነካችው፤ እንደ ንፍጥ ተሳበ። ደግሞ ቦዩ ያለው ልክ በሰው አፍንጫ ቁመት ነው! እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ገንዳውን አይደለም፣ ይሄንን ነው።

ለአጣቢ እንግዳ ማለት በረኪና ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ «ነገ ሰው ይመጣል» ካለ አጣቢዎቹ ምን ዓይነት ሰው ብለው አይጠይቁም፤ በረኪናውን በእጥፍ ያደርጉታል። የበረኪና ሽታ ለእነሱ ሽታ አይደለም፤ ሽታ የሌለበት ቦታ የሚሸተው እንደዚያ ነው።

ልብሷን ቀይራ ልትወጣ የነበረችውን ሬዲዮን ጠራቻት።

«ጀሪካኑን አምጪ።»

ሬዲዮ ጀሪካኑን አመጣች፤ ግን አላቀበለቻትም። «ሻጋታዋ በረኪና ወደዚህ ዝር እንዳይል ብላ የለ? የወለሉን እጣቢ እንኳ በሌላ ጉድጓድ ነው የምንደፋው።»

«ገንዳው ጋ እንዳይደርስ ነው ያለችው። ይሄ ገንዳ ነው? ይሄ ቆርቆሮ ነው።»

«ቆርቆሮው ሆዱ ወንፊት ነው።»

«እንወትፈዋለና! ሥራሽን ዛሬ ነው የጀመርሽው? ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈን፣ ዘፍዝፈን እናሳድረዋለን። ጠዋት አለቅልቄ ጨርቁን እነቅላለሁ። ያለቀለቁት ነገር ንጹህ ነው።»

«ለልጅሽ ደውይላትና ጠይቂያታ።»

«ስትመጣ አይታ ትደሰት። ለነገ ሐሳብ ላይ ናት፣ በዚህ ደግሞ ላስጨንቃት?»

ሬዲዮ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች። «እኔ እንደሆንኩ እናንተ ቤተሰብ መሃል አልገባም። የገባ ሰው በደህና ሲወጣ አላየሁም።»

ሁለቱም ጎንበስ ቀና ብለው ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ብጣሽ ወተፉ። እናትየዋ በረኪናውን ከውሃ ጋር ቀላቅላ ቦዩን ሞላችው። አተላው ወዲያው እየነጣ መላቀቅ ሲጀምር ስታይ፣ ከሳምንቱ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወደ ታች ወረደ። አንድ ነገር በእጇ ገብቷል። እጇ የሚያውቀውን ሥራ ሠርታለች።

እሁድ በማለዳ፣ ልጅቷ ገና ፊቷን ስትታጠብ፣ እናትየዋ ፋብሪካው ደርሳ ነበር። ቦዩ ውስጥ የነበረው በረኪና ጎድሏል። ጨርቆቹ ሙሽሽ ብለዋል፤ አንዳንዱም ሾልኮ ገንዳው ላይ ወድቋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ወይኔ» ትል ነበር፤ ዛሬ ግን ቦዩ እንደ አዲስ ድስት እያንጸባረቀ ዓይኗን ወሰደባት። ሥራውን ሠርቶ ሄዷል አለችና የወደቁትን ለቃቀመች፣ የቀሩትን ነቀለች፣ በባልዲ ውሃ ደጋግማ አለቀለቀችው። ያለቀለቀችበት ውሃ በቀዳዳዎቹ እየተንጠባጠበ የት እንደገባ አላየችም። ያለቀለቁበትን ውሃ የሚያይ አጣቢ የለም፤ ዓይን ያለው የታጠበው ላይ ነው።

ልጅቷ ስትመጣ እናቷ ቦዩ ሥር እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀቻት።

«አጠብሽው እንዴ?»

«ትንሽ ጠራረግኩት። እንግዳ ይመጣ የለ!»

ልጅቷ ቸኩላ ነበር። ቫልቩን ከፈተች፤ ቡኒው ውሃ ከማጠራቀሚያው ወጥቶ በቦዩ ሄደ፣ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከታች መውጫው ላይ ውሃ ታየ። እንደ ዝናብ ውሃ የጠራ ነበር።

«አየሽ!» አለች እናትየዋ። «አየሽ፣ የኔ ልጅ! ይሄንን ያሽትታ እስቲ!»

ልጅቷ ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ይሄ እንዴት ይጠራል? ሻይ መምሰል አለበት።» ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ምንም አልመጣላትም። በእናቷ እቅፍ ውስጥ፣ በእናቷ ልብስ፣ በእናቷ እጅ ላይ ያንን ሽታ ስትምግ ያደገች ልጅ አፍንጫዋ ከለመደው ቆይቷል። ዛሬም እናቷ አጠገቧ ቆማለች፤ የእናቷ ሽታ ሆኖ አለፋት።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው መልኩን ለወጠ። መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ልክ እንደገባው ቡኒ ሆኖ መውረድ ጀመረ። የኮመጠጠ ሽታው ከእግራቸው ሥር ተነሳ። ልጅቷ ሮጣ የመጀመሪያውን ገንዳ ጭድ በሁለት እጇ ከፈተችው። ነጩ ድር የለም። በቦታው እንደ ረጠበ ወረቀት የሚቀደድ፣ የሚያሟልጭ ቢጫ ነገር አለ። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ሦስተኛውንም።

«ሞቷል» አለች። ድምፅዋ የረጋ ነበር፤ ይሄ ነው እናትየዋን ይበልጥ ያስደነገጣት። «አንድ ሰው ኬሚካል ደፍቶበታል።»

እናትየዋ አላሰበችም። አፏ ላይ የመጣላት ዓመታት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ነው።

«ወይኔ! እሱ ነው! ትናንት እዚህ ነበር፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ እዚህ ተንበርክኮ ነበር!»

«ማን? አጎቴ?»

«ማን አለ ሌላ? ለመቃብራችሁ ልክ እየወሰድኩ ነው ብሎኛል! ወይኔ ልጄን! ወይኔ!»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። እናቷ ሁልጊዜ የከፋውን እንደምትናገር ታውቃለች፤ ግን የከፋው ነገር ይኸው ፊቷ ተዘርግቶ ይገማል። አመነቻት።

የወንዙ ዳር ሰዎች በዚህ መሃል በዋናው በር ይገቡ ጀመር። ከፊት አፍንጫው ነው፤ የሲሚንቶ ከረጢት ትከሻው ላይ አድርጓል። ሥራ አስኪያጁ የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ ከኋላ ይከተላል። አጣቢዎቹም ወሬ ለማየት መጥተዋል፤ ሬዲዮ የፋብሪካውን በር ተደግፋ ቆማለች።

አፍንጫው ገና ሳይደርስ ቆመ። አየሩን ሳበና ከረጢቱን ዘጭ አደረገው።

«በሉ! ማሽተት የሚያስፈልገው ሰው አለ?»

ልጅቷ በሕዝቡ መሃል ሰንጥቃ ሄዳ ፊቱ ቆመች። እጇ ላይ ቢጫው ጭድ አለ። «ይሄን ያደረግኸው አንተ ነህ።»

«ምን አልሽ?»

«ትናንት በቀዳዳው ገብተህ ገደልከው። በውሃዬ እንደማታሸንፈኝ ስታውቅ መርዝ ደፋህበት። ወንድ ከሆንክ ፊት ለፊት ለምን አልመጣህም?»

ሰው አጉረመረመ። አንድ ጎረቤት «እውነት ነው እንዴ? ትናንት በአጥሩ ስትወጣ እኔም አይቼሃለሁ» አለ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በራ፤ በደል የሌላ ሰው ሲሆን ደስ ይለዋል። «ይሄ ወንጀል ነው» አለ። «በሕግ ያስጠይቃል።»

አፍንጫው ደም ሥሩ ተገታተረ። «እኔ? እኔ የውሃ መመረዝን ስቃወም ዕድሜዬ አልቆ ውሃ ልመርዝ? ማነው ያለሽ?»

«እማዬ አይታሃለች።»

አሁን ሁሉም ሰው ወደ እናትየዋ ዞረ። «አዎ» አለች። «አይቼሃለሁ። ዓይንህን በጨው አጥበህ አትካደኝ።»

«አጭበርባሪ!» ብሎ ወደ እሷ ሊሄድ ሲል ሰዎች ደረቱን ያዙት። ተገፋፍተው ገንዳው ጋ አደረሱት። ሊደገፍ እጁን ቦዩ ላይ አደረገ፤ አፍንጫው ከቦዩ ጠርዝ ጋር ተስተካከለ። ቆመ። ጎንበስ አለ። እንደገና አሸተተ፤ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሸተተ ሄደ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ልቀቁኝ» አለ። «ልቀቁኝ እስቲ። ይሄን ሽታ እኔ አጣዋለሁ? ሰዎች፣ የሠርጌ ዕለት ምን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ? የተከራየሁትን ጥቁር ሱሪ ይቺ እህቴ ‹ነጥብ አለበት፣ ሰው ምን ይላል› ብላ በረኪና ነክታ ጉልበቱን አነጣችልኝ! ሙሽራ ሆኜ እንደ ሜዳ አህያ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ!»

አንዳንዱ ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም። ወደ ቦዩ ሄዳ አፍንጫዋን አስጠግታ ሞከረች፤ አሁንም እርግጠኛ አልሆነችም። ከዚያ መጥታ የእናቷን እጅ ያዘችና ወደ አፍንጫዋ አመጣችው፤ ተመልሳ ቦዩን አሸተተች።

«እማዬ?»

እናትየዋ ሬዲዮን አየቻት። ሬዲዮ የጫማዋን ጫፍ እያየች ነው።

«አለቅልቄዋለሁ እኮ» አለች እናትየዋ።

ልጅቷ እጇን ለቀቀችው፤ እንደሚያቃጥል ነገር።

«ስታገኚኝ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር» አለች ልጅቷ። «ጠዋት ጠይቄሻለሁ። ትንሽ ጠራረግኩት አልሽኝ። ከዚያ ደግሞ ሰው ከሰስሽ። እኔንም እንድከስ አደረግሽኝ።»

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

«ምን?»

«ሻንጣሽ…» አለችና ዕንባ ያዛት።

«ይበቃል፣ ይበቃል» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ሰዓቱን እያየ። «የቤተሰብ ነገር ቤታችሁ ጨርሱት። ነገ ጠዋት ቲማቲም የጫኑ መኪኖች ይገባሉ። ገንዳሽ እስኪያገግም ውሃውን ቀጥታ በድሮው መስመር እንለቀዋለን። ክፈቺው።»

የወንዙ ዳር ሰዎች ተንጫጩ። አፍንጫው ከረጢቱን አነሳ። ሥራ አስኪያጁ ዘበኛውን ጠራ። ልጅቷ በመሃል ቆማ ሁለቱንም አየች፤ ከዚያ ወደ መጨረሻው ገንዳ ሄዳ ጥግ ጥጉን በእጇ ቆፈረች። ቦዩ ከማይደርስበት ከታችኛው ጥግ አንድ እፍኝ ጭድ አወጣች። ነጭ ነበር። ሸሚዟ ውስጥ ሸጎጠችው፣ እንደ ጫጩት።

ተመልሳ መጣችና አጎቷን «ድፈነው» አለችው።

«ምን አልሽ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አንቺ የማን ሠራተኛ ነሽ?»

«የእርስዎ። ከገማ ይደፈናል ስንል ግን አብረን ነው ቃል የሰጠነው። ይሄው ገምቷል። ካልደፈነው እኔ እደፍነዋለሁ።»

«ፋብሪካው ሲቆም ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ?»

«ከዚህ ጥግ ዘር ወስጄ ገንዳዎቹን እንደገና እሞላለሁ። ድሩ እስኪመለስ ቲማቲም የለም። ካባረሩኝ ያባርሩኝ፤ ያኔ ቱቦው ለዘላለም ተደፍኖ ይቀራል።»

ሥራ አስኪያጁ የወንዙን ዳር ሰዎች በዓይኑ ቆጠራቸው። ምንጣፍ ያለው ቢሮው ውስጥ ገብቶ በሩን ወረወረው።

«አትሄጂማ?» አለች እናትየዋ፤ ከዚያ ሁሉ ነገር የሰማችው ይሄንን ብቻ ነበር። «አትሄጂም ማለት ነው?»

«አልሄድም።» ልጅቷ አላየቻትም። «ካንቺ ጋ ግን አላድርም።»

አፍንጫው ሲሚንቶውን እያቦካ ቀና አለ። በእህቱ ልጅ ላይ ፊቱ አልተፈታም፤ አሁንም «መርዝ ደፋህ» የተባለው ጉሮሮው ላይ አለ። «እኔ ቤት ክፍል አለ» አለ። «ወድጄሽ እንዳይመስልሽ። ዓይኔ ሥር እንድትሆኚ ነው። ደግሞ ልንገርሽ፦ ይሄን ቱቦ መልሼ የምከፍተው፣ እዚያ በር ላይ ራሴ ተቀምጬ የገባ የወጣውን ካሸተትኩ ነው። ከእንግዲህ በማንም ቃል አላምንም።»

የበረኪናው መጋዘን ቁልፍ እናቷ አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሏል። ልጅቷ እጇን ዘረጋች። እናትየዋ ክሩን በራሷ አወጣችና ሰጠቻት። ልጅቷ ቁልፉን ሲሚንቶ በነካው የአጎቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

እናትየዋ በሕይወቷ ያልፈራችው ነገር አልነበረም። ሞት ፈርታለች፣ አደጋ ፈርታለች፣ ዝምታ ፈርታለች። እነዚህ ሁለቱ ይስማማሉ ብላ ግን ፈርታ አታውቅም፤ ሲስማሙ ደግሞ በእሷ ላይ ይሆናል ብላ።

ማታ የልጅቷ ሻንጣ በግቢያቸው አጥር ላይ ወደ አጎቷ በኩል አለፈ። በአውቶቡስ አልሄደም፣ አልተገለበጠም። ከቆርቆሮው ወዲያ ተከፍቶ ሲራገፍ ድምፁ ይሰማታል።

ሰኞ ጠዋት ማሽን አልተነሳም። ሥራ አስኪያጁ አጣቢዎቹን ያለ ሥራ ከማስቀመጥ ብሎ ጭድ እንዲከትፉና በፈላ ውሃ እንዲነክሩ አዘዘ። በጓሮው በር ላይ፣ ባዶ የቲማቲም ሣጥን ገልብጦ፣ አፍንጫው ተቀምጧል።

«እጅ!» ይላል።

አጣቢዎቹ አንድ በአንድ እጃቸውን እየዘረጉ ያልፋሉ። «እኔ ሽቶ ተቀብቻለሁ፣ እንዳትሰክር» አለችው ሬዲዮ።

«አንቺ ሽቶሽን ሳይሆን ምላስሽን ነው መዘፍዘፍ የነበረብሽ። እለፊ።»

የእህቱ ተራ ደረሰ። ሁልጊዜ ከአጣቢዎቹ ፊት የምትገባ ሴት ዛሬ መሃል ላይ ነበረች። ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች። ከልጅነቷ ጀምሮ የነጡ፣ ጥፍራቸው የሳሳ እጆች ናቸው።

«ልጄ ቁርስ በልታለች?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በልታለች። የሚበላ ቢሆን አጥሩንም በበላች።» መዳፏን አሸተተ፤ ገልብጦ ጀርባውንም አሸተተ። ራሱን ነቀነቀ። «ይሸታል።»

«ከትናንት ወዲህ አልነካሁም! በልጄ እምላለሁ!»

«በእሷ አትማዪ። ሂጂና ታጠቢ። በውሃ ብቻ።»

በሩ ክፍት ነው። እዚያ ማዶ ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ከፈላው በርሜል ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ድምፁን ሰምታ ቀና አለች፣ እናቷን አየቻት፣ ወደ ጭዱ ተመለሰች።

እናትየዋ ግቢው መሃል ወዳለው ቧንቧ ሄደች። ከክርኗ ጀምራ ታጠበች፣ በጣቶቿ መሃል፣ በጥፍሯ ሥር። ራሷ አሸተተችው፤ ለእሷ ምንም አይሸትም። ደግማ ታጠበች። ከዚያ እጆቿን ሳታደርቅ፣ ምንም ነገር እንዳይነኩ ከፊቷ ዘርግታ፣ ተመልሳ ከአጣቢዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ ተሰለፈች።